ጭቃ ያሸነፈው፣ ሰማይ የተቀበለው ጠብመንጃ

አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በአንደኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ጀርመኖች ያበሩት የነበረው «ታውበ» አውሮፕላን ግን ከ2,000 ሜትር ብዙም አይዘልም ነበር። በጭላሎ ተራራ ግርጌ ቡና የምታፈላ እናት ከዚያ ዘመን አብራሪ በላይ ነበረች ማለት ነው! የደጋውን ብርድ እሱም ያውቀዋል፤ ልዩነቱ ነፋስ እየገረፈው፣ በጋቢ ፈንታ ጠብመንጃ ታቅፎ መቀመጡ ነው።

በ1914 እ.ኤ.አ. አብዛኛው የጦር አውሮፕላን ለቅኝት እንጂ ለውጊያ አልተሠራም፤ መትረየስም አልነበረውም። ባላንጣዎች አየር ላይ ሲገናኙ በሽጉጥና በጠብመንጃ ይታኮሱ ነበር። የእግረኛው ጠብመንጃ ደግሞ በተተኮሰ ቁጥር በእጅ ማቀባበል ይጠይቃል። ጓንት ባጠለቀና በደነዘዘ ጣት ሁለተኛው ጥይት እስኪጎርስ ጠላት ደመና ውስጥ ይገባል።

መላው የተገኘው ከሜክሲኮ ነው። ጄኔራል ማኑኤል ሞንድራጎን የነደፉት ጠብመንጃ በባሩዱ ጋዝ ግፊት ራሱ ያቀባብላል፤ ተኳሹ ምላጩን መሳብ ብቻ ነው። ሜክሲኮ በ1908 እ.ኤ.አ. ለጦሯ መረጠችው፤ የስዊዘርላንዱ ሲግ ፋብሪካም 4,000 እንዲሠራላት አዘዘች። የሜክሲኮ አብዮት ሲፈነዳ የተረከበችው 400 ያህል ብቻ ነበር። የተረፈውን ጀርመን ገዛችው። ምሽግ ውስጥ ግን ጭቃና አቧራ አነቀው።

ሰማይ ላይ ጭቃ የለም። ጀርመኖች 30 ጥይት የሚይዝ ክብ ካዝና ገጥመውለት ለአብራሪዎቻቸው ሰጡት፤ «የአብራሪ ራስ አቀባባይ ካራቢን፣ ሞዴል 1915» አሉት። ዕድሜው ግን አጭር ሆነ። በዚያው ዓመት አጋማሽ የፎከር አውሮፕላን በሚሽከረከር ፕሮፔለሩ መካከል የሚተኩስ መትረየስ ይዞ ብቅ አለ።

ከ20 ዓመት በኋላ አውሮፕላንን በጠብመንጃ የመግጠም ጥያቄ ተገልብጦ ወደ እኛ መጣ። ጣሊያን በአውሮፕላን ሲዘምትብን፣ አርበኛው ምንሽሩን ወደ ላይ አነጣጠረ። ኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ ስትደበደብ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ኋላ ቆመው ነበር። አገሪቱ የነበሯት ጥቂት የኧርሊኮን መድፎችም እንደ ሞንድራጎን ጠብመንጃ ስዊዝ ሠራሽ ነበሩ።

ይህን የመሣሪያ ሚዛን የአሰላ አገር አርሲ ቀድሞ ቀምሶታል። ጳጉሜን 1878 ዓ.ም. አዙሌ ላይ ጦርና ጋሻ የያዙ አርበኞቹ የሸዋውን ጦር መሪ የራስ ዳርጌን ጠብመንጃ ገጠሙ። ያን ቀን ጠብመንጃው ከላይ ነበር፤ በ1928 ደግሞ ከታች ሆነ። ጠብመንጃውን የሚመዝነው የሚቆምበት ስፍራና ባላንጣው የያዘው ነው።