አልቅት ወደ ሆስፒታል እንዴት ተመለሰ?

አልቅት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ከምንጭ ውኃ ጋር ገብቶ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ የሚጣበቀውን ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ሌላው፣ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች ስለሚሠራበት የሕክምና አልቅት ነው። «በአልቅት እናክማለን» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታሪኩ ያስተምራል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ ብሩሴ የተባለ ስመ ጥር ሐኪም ነበር። አብዛኛው በሽታ ከጨጓራና ከአንጀት መቆጣት ይመጣል ብሎ ስላመነ ሕመምተኞቹን በአልቅት ያደማ ነበር። ልማዱ ተስፋፍቶ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1833 ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ አልቅት ከውጭ አስገባች። ለየትኛው በሽታ፣ ለማን፣ ስንት የሚል ገደብ አልነበረም። የደከመው ሕመምተኛ ደሙን አጥቶ ይብሱን ይደክም ነበር። በኋላ ሕክምናው ተተወ።

እ.ኤ.አ. በ1884 ሄይክራፍት የተባለ ተመራማሪ አልቅት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር እንዳለው አሳየ። በ1960 ደግሞ ዴርጋንትስና ዝድራቪች የተባሉ ሐኪሞች ከሉብልያና ጠቃሚ ጽሑፍ አወጡ። ሉብልያና ዛሬ የትንሿ አገር የስሎቬንያ ዋና ከተማ ናት። በቀዶ ሕክምና የተዛወረ ቆዳ ላይ ደም ቅዳው ደም ያመጣል፤ ደም መልሱ ግን መመለስ ሲያቅተው ደሙ ይጠራቀማል፣ ቆዳውም ጠቁሮ ሊሞት ይችላል። አልቅቱ አዳዲስ ደም መልሶች እስኪያድጉ ድረስ የተጠራቀመውን ደም ይቀንሳል። በ1985 ቦስተን ውስጥ ውሻ የቆረጠው የአንድ ሕፃን ጆሮ ተመልሶ ሲሰፋ የተረፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

ከዚያ ደንቡ መጣ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2004 አልቅትን እንደ ሕክምና መሣሪያ ፈቀደ፤ ጀርመን ደግሞ በመድኃኒት ሕግ ታስተዳድረዋለች። ደንብ ያስፈለገበት ምክንያት አለ። በአልቅቱ አንጀት ውስጥ ቁስል የሚያመረቅዝ ባክቴሪያ ስለሚኖር በሆስፒታል መከላከያ አንቲባዮቲክ ይሰጣል። ንክሻው ለሰዓታት ስለሚደማ የደም መጠን ይለካል። አንድ አልቅት ለአንድ ሰው ብቻ ያገለግላል፤ ከዚያ ይወገዳል።

ስለዚህ ውድ ወላጆች፣ አልቅት ሊጥልላችሁ የሚፈልግ ሰው ካለ እነዚህን ጠይቁ፦ ለየትኛው ሕመም ነው? አልቅቱ ከየት መጣ? ሌላ ሰው ላይ ውሎ ነበር? ደሙ አልቆም ቢል ማን ያክማል? መልስ ከሌለው ተዉት። በተለይ ደም ማነስ ያለበት፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም ደሙ ቶሎ የማይረጋ ሰው ፈጽሞ አይሞክረው። ልጃችሁ የምንጭ ወይም የወንዝ ውኃ ጠጥቶ በአፍንጫው ወይም በአፉ ደም ከመጣ ደግሞ ቤት ውስጥ ለማውጣት ሳትታገሉ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።