ስንዴ በኢሉባቦር፦ ከእርዳታ ጆንያ እስከ በጋ ማሳ

የዓመት መጽሐፉ አዘጋጆች «ስለ ትውልድ አገርሽ ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ፣ ስለ ቡና ወይም ስለ ሶር ፏፏቴ እንደምጽፍ ጠብቀው ነበር መሰለኝ። የመቱ ልጅ ሌላ ምን ይጽፋል? እኔ ግን ስለ ስንዴ ልጽፍ ነው። «ሐኪም ስለ ስንዴ ምን አገባት?» የምትሉ የእርሻ ኮሌጅ ምሩቃን እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ታገሡኝ፤ የተሳሳትኩትን በሻይ ሰዓት ታርሙኛላችሁ።

እኔ ልጅ ሳለሁ መቱ ውስጥ ስንዴ የእኛ እህል አልነበረም። ማሳው በቆሎ፣ ማሽላና ጤፍ፣ ጓሮው ጎደሬና ጎመን፣ ጥላው ሥር ቡና ነው። ምክንያቱ ዝናቡ ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ድረስ ጃንጥላ ከእጅ አይወርድም። ስንዴ ደግሞ ቅንጡ እህል ነው። ሲያድግ እርጥበት፣ ፍሬ ሲይዝ ቀዝቀዝ ያለ አየር፣ ሲደርስ ደረቅ ፀሐይ ይፈልጋል። የአርሲና የባሌ ደጋ ይህን ሁሉ ይሰጠዋል። የእኛ አገር የሚሰጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ እሱንም አብዝቶ። ቅጠሉን ዋግና ሴፕቶሪያ ይበላዋል፣ አገዳው ይጋሸባል፣ ፍሬው ገና ዛላው ላይ እያለ ያቆጠቁጣል። ያቆጠቆጠ ስንዴ ውስጡ ያለው ስታርች መፍረስ ስለሚጀምር ዱቄቱ ዳቦ አይሆንም፤ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ዘመናት የዘነበው ዝናብ አፈሩንም አጥቦ አሲዳማ አድርጎታል፤ በአሲዳማ አፈር ውስጥ የሚሟሟው አሉሚኒየም ደግሞ የስንዴን ሥር ያቀጭጨዋል። አባቶቻችን ይህን በኬሚስትሪ ባያውቁትም በልምድ ያውቁት ነበር፤ ስለዚህ አልዘሩም።

ስንዴን መጀመሪያ በብዛት ያየሁት በ1977 ዓ.ም. ነው፤ አምስት ዓመቴ ነበር። ማሳ ላይ አይደለም ያየሁት፣ ጆንያ ውስጥ ነው። ከድርቁ በኋላ መንግሥት በሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ 600,000 ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ እያነሳ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ አሰፈረ። ኢሉባቦር ከዋና ዋናዎቹ ተቀባዮች አንዱ ነበር። ብዙዎቹ የመጡት «ስግሰጋ» በሚባለው መንገድ ነው፤ ሰፋሪው ለብቻው ሳይሆን በነባሩ ገበሬ ማኅበር መሃል ይገባል፣ ነባሩ ገበሬም ጎጆ ይሠራለታል፣ መሬት ይቆርስለታል። ወዶም ተገዶም። ከቤተሰቡ ተነጥሎ የመጣ ነበረ፣ በመንገድም በወባም የሞተ ብዙ ነው። ስለ ሰፈራው ፖለቲካ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ እዚህ የምከተለው እህሉን ነው።

እርዳታው በአብዛኛው ስንዴ ነበር፤ ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከአውሮፓ በመርከብ መጥቶ ከወደብ በከባድ መኪና የተጫነ። ያ ሁሉ መንገድ አልፎ የእኛ ክረምት ላይ ሲደርስ አንዳንዱ ጆንያ ከሥሩ ሻግቶ ይገኛል። ሰፋሪዎቹ ጥቂቱን ገበያ አውጥተው በበቆሎና በጎመን ይለውጡ ነበርና እናቴም አንድ ጣሳ፣ ሁለት ጣሳ ይዛ ትመጣለች። ንፍሮ እንበላለን። ለእኛ ለልጆች ከበቆሎ ንፍሮ የተለየ ድግስ ነበር።

አንድ ነገር ግን ትዝ ይለኛል። የእኛ እናቶች እህል የሚለቅሙት ጠጠርና እንክርዳድ ለማውጣት ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ወሬ እያወሩ። አንዳንዶቹ የወሎ እናቶች ግን ሰፌዱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አንዷን ፍሬ ከሌላዋ እየለዩ፣ ጥቁር ነገር ባዩ ቁጥር ወደ እሳቱ ይጥሉ ነበር። ዶሮ እንኳ እንዲበላው አይተዉም። «እነዚህ ሰዎች ተርበው መጥተው እንዲህ ይመርጣሉ!» ተብሎ ይታማ ነበር። እኔም አምቻለሁ፤ በአምስት ዓመቴ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። ጅማ ገባሁ። የእኔ ባች የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተማሪ ሆኖ ገብቶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኖ የወጣ ነው። ኢንስቲትዩቱና የእርሻ ኮሌጁ በታኅሣሥ 1992 ዓ.ም. ሲዋሐዱ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ያኔ ስለ ውህደቱ የነበረን ስሜት፣ እውነቱን ለመናገር፣ «እነሱ ከበሬ ጋር፣ እኛ ከሰው ጋር» የሚል ትዕቢት ነው። ለሲቢቲፒ መንደር ለመንደር ስንዞር የሽንት ቤት ጉድጓድ እንቆጥራለን እንጂ ጎተራ ከፍተን ያየን አልመሰለኝም።

ኢንተርን ሳለሁ በ1996 ዓ.ም. በአንድ ሆስፒታል (ስሙን ልተወው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው) አንዲት ከወሎ የመጡ ሰፋሪ እናት ለሌላ ሕመም ተኝተው አገኘኋቸው። የግራ እግራቸው አምስቱም ጣቶች የሉም፣ የቀኙም ሁለቱ። ሳልጠይቃቸው፣ ስሜት እንዳላቸው በጥጥ ነክቼ እንኳ ሳላይ፣ ካርዱ ላይ «የቆየ የሥጋ ደዌ» ብዬ ጻፍኩ። ነርሷ ጮክ ብላ ስታነበው ሰሙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጠገባቸው የተኛችው ሴት አልጋዋን ለመቀየር ጠየቀች።

በማግሥቱ ለዙር ስመጣ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ሥጋ ደዌ አይደለም፤ እህሉ ነው» አሉኝ።

«እማማ፣ የምን እህል?»

«ሲናር የበዛበት ገብስ። ያን ዓመት ዝናቡ አላባራ ብሎ ሲናሩ ገብሱን ዋጠው። እሱን በላን። እግሬ እንደ እሳት ነደደ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ ከዚያ ራሱ ወደቀ። ሁለት ልጆቼን ቀብሬያለሁ በእሱ።»

«እሺ እማማ» ብዬ አለፍኩ። አላመንኳቸውም። ቤተ መጻሕፍት የገባሁት ለሌላ ጉዳይ ነበር፤ አሮጌ የኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ቅጽ ሳገላብጥ እ.ኤ.አ. በ1979 የታተመ አንድ ጽሑፍ አገኘሁ። በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ወሎ ውስጥ ስለተነሣ ወረርሽኝ ነው። ወደ 140 ሰው ተይዞ ሲሶው ገደማ ሞቷል፤ የተረፉት እጅና እግር ይነድዳል፣ የደም ትርታ ይጠፋል፣ ይጠቁራል፣ ይቆረጣል። መንስኤው ኤርጎት የሚባል ፈንገስ፤ የተሸከመው ሲናር፤ ሲናሩን ያበዛው የተራዘመ ዝናብ። እማማ በሦስት ዓረፍተ ነገር የነገሩኝን ነው ጆርናሉ በብዙ ገጽ የጻፈው።

የመካከለኛው ዘመን አውሮፓውያን ይህንኑ በሽታ «የቅዱስ እንጦንስ እሳት» ይሉት ነበር፤ በአጃ መሰሉ ራይ እህላቸው ላይ ይወጣ ስለነበር። ፈንገሱ የፍሬዋን ቦታ ይወስድና ጥቁር፣ እንደ አይጥ ኩስ ረዘም ያለ ነገር ያበቅላል። ውስጡ ያለው መርዝ የደም ሥርን አጥብቆ ይዘጋል። የሚገርመው፣ ወላድ ደም ሲፈስሳት የምንወጋት ኤርጎሜትሪን የተገኘው ከዚሁ ፈንገስ ነው። በዚያው ሰሞን በማዋለጃ ክፍል ስንቴ እንደወጋሁት!

ካርዱን አስተካከልኩ። እማማ ግን ከሆስፒታሉ ወጥተው ነበር። ወደ መንደራቸው ሰው ልኬ ነበር፤ ስሙን አጥርቼ አልያዝኩምና አልተገኙም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አርሲ ውስጥ በገብስ ምክንያት ያው በሽታ ዳግም መከሰቱን ያወቅኩት ደግሞ በኋላ ነው፤ ስለዚህ «የድሮ ታሪክ» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የእርሻ ኮሌጅ ሰዎችን ማክበር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። የአሁኑ ጎረቤቴ የእርሻ ምሩቅ ነው፤ ጥሩ ስንዴ በምን እንደሚለይ ያስተማረኝ እሱ ነው። መቶ ሊትር የሚይዝ መስፈሪያ ሞልተህ ስትመዝነው ከ75 ኪሎ በላይ ከሆነ ፍሬው ሞልቷል፤ ከዚያ በብዙ ከወረደ ወይ ዋግ መትቶታል ወይ ዝናብ አግኝቶታል። ለማከማቸት እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። ነጭ ሆኖ የተጨማደደ፣ ሮዝ ነገር የነካው ፍሬ ካየህ ፉሳሪየም የሚባለው ሻጋታ ነው፤ የእሱ መርዝ ያስመልሳል፣ ሆድ ያውካል፣ መጋገርም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ይህን ሲለኝ ስንት ጊዜ «ምግብ መመረዝ» ብዬ ጽፌ የምግቡን ዓይነት ሳልጠይቅ እንዳለፍኩ አሰብኩ።

አሁን ደግሞ ስንዴ ራሱ መቱ መጥቷል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ከአዋሽ ቆላ ጀምሮ የተስፋፋው የበጋ መስኖ ስንዴ በኦሮሚያ ዞኖች ሁሉ ሲዘመት ኢሉባቦርም አልቀረም። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ክረምቱ ለስንዴ ካልሆነ በጋውን እንጠቀም ነው። ኅዳር ተዘርቶ መጋቢት ይታጨዳል። የሚዘራው ደግሞ በአብዛኛው ረግረግ ላይ ነው፤ እርጥበቱ እዚያ ስላለ።

ረግረግ ለእኛ ባዶ መሬት አልነበረም። ጨፌው የቤት ክዳን ነው፤ ምንጩ የመጠጥ ውሃ ነው፤ ዳርና ዳሩ ጎተራው ባዶ በሚሆንበት ወር የሚደርስ በቆሎ የሚበቅልበት ነው። አድሪያን ዉድና አለን ዲክሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የመቱ አካባቢ ረግረጎችን ለዓመታት አጥንተዋል፤ የእኛ ገበሬዎች ውሃውን እንዴት በልክ እንደሚያፋስሱ ከጻፉት ተምሬያለሁ፣ የአያቴን ሥራ ከባዕድ! ሁሉም ከተፋሰሰና ከብት ከረገጠው ረግረጉ ይደርቃል፤ ምንጩም አብሮ።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላም ነው፤ መጋቢት። በአዋሽ መጋቢት ከእኛ አገር ይልቅ ደረቅ ነው። በእኛ አገር በልጉ የሚገባበት ወር ነው። ዘሩ በሁለት ሳምንት ከዘገየ፣ ማጨጃ ማሽኑ ወረፋ ላይ ከሆነ፣ የደረሰው ስንዴ ዝናብ ያገኘዋል። ዘመቻ ሲሆን የሚቆጠረው የተዘራው ሄክታርና የተገኘው ኩንታል ነው። ፍሬው በምን ሁኔታ ጎተራ እንደገባ የሚጠይቅ ብዙም አላጋጠመኝም።

አምና መጋቢት መጨረሻ ላይ ከመቱ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የበጋ ማሳ አየሁ። ገበሬው በስድሳዎቹ ዕድሜ ያሉ፣ በልጅነታቸው ከወሎ የመጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ኦሮምኛቸው ከእኔ ይሻላል። ዝናቡ ሦስት ቀን ሆኖታል። ዛላ ቆርጠው መዳፋቸው ላይ አሹና ነፉት፤ አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከሱ። «አልከከም» አሉ፤ «ድርቅ ያለ ፍሬ ሲነከስ ይጮሃል፤ ይሄ ዝም አለ።» ከዚያ የቀረውን በጣታቸው እያገላበጡ አንድ በአንድ አዩት፤ ልክ እንደዚያ ሰፌድ ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉት እናቶች።

«ምን ይፈልጋሉ አባባ?» አልኳቸው።

«ጥቁር ካለ» አሉ፤ «እናቴ አስተምራኝ ነው።»

ጥቁር አልነበረም። ያቆጠቆጠ ግን ነበር። ከማሳው ጥቂት ዛላ ሰጡኝ፤ ክሊኒኬ ጠረጴዛ ላይ በወረቀት ከረጢት አለ። ለጎረቤቴ ሳሳየው «እዚህ ሁነን በዓይን መገመት ነው፣ የእርጥበት መለኪያ በእጃችን የለም» አለኝ።

እንግዲህ የእርሻ ባቾች፦ ለዳግም መገናኘቱ ከምትመጡት መሃል ተንቀሳቃሽ የእርጥበት መለኪያ ያለው ካለ፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ወደ መቱ ብቅ ይበል። ከአጨዳው በፊት ማሳ ለማሳ እንዞራለን። ማደሪያ አለ፤ ቡናው ከጓሮ ነው።