ስለ ማኅሌተ ጽጌና በዲላ ስለሚሰማው ዝማሬ



የመንግሥት ሥራ ወደ ዲላ ልኳችሁ እንደ ሆነ፥ ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ባሉት ሰንበቶች ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣ የከበሮና የጸናጽል ድምፅ ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ማኅሌተ ጽጌ ነው። ድርሰቱ እመቤታችን ልጅዋን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደድዋን የሚያስብ ሲሆን፥ ደራሲው አባ ጽጌ ድንግል (አንዳንዶች ጽጌ ብርሃን ይሏቸዋል) እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል። እያንዳንዱ አንቀጽ አምስት ስንኝ አለው፤ አምስቱም በአንድ ቤት ይመታሉ። ይህን ሕግ ጠብቆ ከመቶ በላይ አንቀጽ መድረስ ቀላል ሥራ አይደለም።

ልብ በሉ፤ በዚያ በመካከለኛው ዘመን ግዕዝ እናት ለልጅዋ የምትነግረው ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ ነበር። በአፄ ዳዊት ዘመን (1382–1413 እ.ኤ.አ.) የኖሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫም አርጋኖነ ውዳሴን የደረሱት በዚሁ በትምህርት ቤት በሚገኝ ቋንቋ ነው።

የሕንድ ሰዎችም ይህን ያውቁታል። ጃያዴቫ የተባለው ባለቅኔ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ክሪሽናና ስለ ራዳ ፍቅር ጊታ ጎቪንዳን በሳንስክሪት ደረሰ፤ በ1499 እ.ኤ.አ. የተቀረጸ ጽሑፍም ድርሰቱ በፑሪ በሚገኘው በጃጋናት መቅደስ እንዲዘመር ያዝዛል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ግን ቱልሲዳስ የራማን ታሪክ ሕዝቡ በሚናገረው በአዋዲ ቋንቋ ጻፈው። በእኛ አገር እንዲህ ያለው ነገር ዘግይቷል።

ወደ ዲላ እንመለስ። የግዕዝ ዝማሬ በጌዴኦ ምድር የተስፋፋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአፄ ምኒልክን ጦር ተከትሎ ነው። መሬቱ ለሌላ ሲታደል ባለመሬቱ ገባር ሆነ። ስለዚህ ዝማሬው ለብዙ ጌዴኦ ከግብር ጋር አብሮ የመጣ ድምፅ ነበር፤ ውበቱን የምንወድ ሰዎች ይህን መሸሸግ አይገባንም።

ጌዴኦም ቢሆን ከዚያ በፊት ምስጋና አላጣም። ፈጣሪውን ማጌኖ ብሎ ይጠራል፤ ዛሬ ብዙው ሕዝብ ፕሮቴስታንት ቢሆንም የደራሮ የምስጋና በዓል በጌዴኡፋ ይከበራል። ደራሮ የሚለውም ቃል ከአበባ ጋር የተዛመደ ነው። የግዕዙ ጽጌ ትርጉሙ አበባ መሆኑን ለጎረቤቱ የነገረ ካህን ስንት ይሆን?

በሰሜኑ ደጋ ሜዳው አደይ አበባ ሲለብስ የሚዘመረው ይህ ማኅሌት፥ በዲላ የሚሰማው ቡናው መቅላት በሚጀምርበት ሰሞን ነው።