ባልዲውና ጥሩምባው

በ2014 እ.ኤ.አ. ክረምት ከአሜሪካ የተነሣ አንድ ባልዲ የበረዶ ውኃ ዓለምን አዳረሰ። ውኃውን በራሱ ላይ ያፈሰሰ ሰው ወዳጆቹን በስም ይጠራል፤ የተጠራውም በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲሁ ያደርጋል፣ አለዚያ ኤኤልኤስ ለተባለው ጡንቻን ለሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ይለግሳል። ከ17 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ምስላቸውን በፌስቡክ አኖሩ፤ የአሜሪካው የኤኤልኤስ ማኅበር 115 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ። በዚሁ ገንዘብ የተደገፈ ምርምርም በ2016 ከበሽታው ጋር የተያያዘ ኤንኢኬ1 የተባለ ዘረ መል አገኘ።

ብዙዎች የታይታ ምጽዋት ነው ብለው ነቀፉት። እኔን ግን የዕድራችንን ጥሩምባ አስታወሰኝ፤ በስሙ የተጠራ ሰው ለመቅረት ያፍራልና። ሆኖም በ2015 ባልዲው ዳግም ሲነሣ የተገኘው ገንዘብ እጅግ አነሰ። ዕድር ለቅሶ ባይኖርም በየወሩ መዋጮውን ይሰበስባል። ፈዋሽ መድኃኒት ገና ላልተገኘለት በሽታ የሚበጀውም እንዲህ ያለው መዋጮ ይመስለኛል።