የልጅ ኢያሱ ጥምጣም

መርካቶ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ካሉት ሱቆች በአንዱ ተቀምጦ የልጅ ኢያሱን ስም ያነሳ ሰው ቢያንስ ሁለት ታሪክ ሰምቶ ይነሳል። አንዱ «ሰልሞ ስለነበር ነው የገለበጡት» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ «እስልምናውን እንኳ አያውቁትም፤ ፎቶውን ቀጣጥሎ ያስገለበጣቸው እንግሊዝ ነው» ይላል። ሁለቱም ከአያቶቻቸው የሰሙትን ነው የሚነግሩን፤ ሁለቱም አይጠራጠሩም። በአንዳንድ ሱቆች ጥምጣም የጠመጠመው ወጣት ፎቶ ከካዕባ ስዕል ጎን ተሰቅሎ አይተናል። ወሬ ሲመጣላችሁ አጣሩ ተብለን የታዘዝን ነንና በዛሬው ዝግጅታችን ይህንኑ ወሬ እናጣራለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እንናገር።

ልጅ ኢያሱ በእናቱ በወይዘሮ ሸዋረጋ በኩል የአፄ ምኒልክ የልጅ ልጅ ነው። አባቱ ራስ ሚካኤል፣ ኋላ ንጉሥ የተባሉት፣ ከ1870 በፊት መሐመድ ዓሊ የሚባሉ የወሎ ኢማም ነበሩ። በዚያ ዓመት አፄ ዮሐንስ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አድርገው የወሎ ሹማምንት እንዲጠመቁ ሲያስገድዱ መሐመድ ዓሊም ሚካኤል ተባሉ። ስለዚህ ልጁ ገና ሳይወለድ አንድ ጥያቄ ይጠብቀው ነበር። በጉልበት የተጠመቀ ሰው ልጅ ምኑን አምኖ ያድጋል የሚል ጥያቄ። ጥያቄውን ያመጡት አስገዳጆቹ ሆነው ሳለ የተጠየቀው ግን ልጁ ነው።

ምኒልክ በ1901 አልጋ ወራሽነቱን ሲያሳውጁ ኢያሱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበር። ሞግዚቱ ራስ ተሰማ ናደው በ1903 ሞቱ። ምኒልክ ለዓመታት አልጋ ላይ ውለው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ አልተነገረም፤ ለቅሶም አልተፈቀደም። ይህችን ነገር አድማጮቻችን ልብ እንድትሉልን እንፈልጋለን። ንጉሡ መሞት አለመሞታቸውን ከአዋጅ ሳይሆን ከሹክሹክታ የሰማ ሕዝብ ከዚያ ወዲያ አዋጅን ትቶ ሹክሹክታን ቢያምን አይፈረድበትም። ኢያሱን የበላው ወሬ የበቀለው በዚህ መሬት ላይ ነው፤ መሬቱን ካለሰለሱት አንዱ ደግሞ የራሱ የኢያሱ ቤተ መንግሥት ነው።

ያኔ ዛሬ የምናውቀው መርካቶ አልነበረም። ገበያው አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን «የአገሬው ሰው ገበያ» ብሎ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ነው መርካቶ የተባለው። እናም የ1908 ወሬ የተሸጠው አራዳ ገበያ ነው። ከጨውና ከቡና ጋር የሐረርና የድሬዳዋ ወሬ በነጋዴ አፍ ይመጣ ነበር። ኢያሱ አዲስ አበባ መቀመጥ አይወድም ነበር። አፋር ይወርዳል፤ ሐረር፣ ድሬዳዋና ጅግጅጋ ይሰነብታል። ከሶማሌና ከአፋር ሹማምንት ጋር ይቀመጣል፤ በየደረሰበትም እንደ አገሬው ይለብሳል። እርሱ ሩቅ በሆነ ቁጥር ወሬው ቅርብ ሆነ።

ዓለሙም ተቃጥሎ ነበር። በኅዳር 1907 የኦቶማን ኸሊፋ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በሩሲያ ላይ ጂሃድ አወጀ። እንግሊዞች በ1908 ከጋሊፖሊ ለቀው ወጡ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ደግሞ ኢራቅ ውስጥ ኩት ላይ ለቱርክ እጃቸውን ሰጡ። ሶማሌ ውስጥ ሰይድ መሐመድ ዐብዱላሂ ሐሰን እየወጓቸው ነበር። ኢያሱ ከሰይዱ ጋር መላላኩ፣ ከቱርኩ ቆንስል ከመዝሃር ቤይ ጋር መወዳጀቱ ለእንግሊዝ፣ ለፈረንሳይና ለጣሊያን ለጋሲዮኖች እንቅልፍ የሚነሳ ጉዳይ ነበር። እነዚህ ሦስቱ በ1908 መጨረሻና በ1909 መባቻ ላይ የአዲስ አበባን መንግሥት ማብራሪያ ጠየቁ፤ የመሣሪያ መግቢያውንም አጠበቡ። ይህ እውነት ነው፤ ሴራ ብሎ የሚጠራው ቢኖር አንከራከረውም።

«ፎቶውን ሎውረንስ ሠራው» የሚለው ግን ሌላ ነገር ነው። ያ እንግሊዛዊ በ1908 ካይሮ በሚገኘው የጦር መረጃ ቢሮ ይሠራ ነበር፤ ጂዳ የደረሰውም ኢያሱ ከተሻረ በኋላ በጥቅምት ወር ነው። ኢያሱን ለመጣል ከካይሮ ሰው ማምጣት አላስፈለገም። የሸዋ መኳንንት በቂ ምክንያት ነበራቸው። በአያቱ ጊዜ የተሾሙትን ገፍቶ አባቱን በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ አደረገ። በነሐሴ 1908 ደግሞ ተፈሪ መኰንንን ከሐረር ነቅሎ ከፋን ሰጠ። ሐረር የተፈሪ አባት ቤት ናት፤ የጉምሩኩ ገቢም ከዚያው ነበር። ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁለት ወር እንኳ አልፈጀም።

ታዲያ ጉዳዩ ሹመትና ገቢ ከሆነ ሃይማኖት ለምን ተጠራ? የብዙዎቻችን ትረካ የሚዘልለው ይህንን ነው። ምኒልክ ኢያሱን ሲያወርሱ እርሱን የሚከዳ ሁሉ የተረገመ ይሁን ብለው ሕዝቡንና መኳንንቱን በቤተ ክርስቲያን ግዝት አስረው ነበር። ሹመት ነሳን ብሎ ግዝት አይፈታም። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም ያመነቱት በዚሁ መሐላ ምክንያት ነው። ያንን ቁልፍ የሚከፍት አንድ መክፈቻ ብቻ ነበር፤ እርሱም «ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጧል» ማለት ነው። ወሬው እውነት ባይሆን እንኳ መፈጠሩ አይቀርም ነበር እንላለን። መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል በዓል፣ መኳንንቱና ሠራዊቱ በከተማው ተሰብስበው ሳለ ክሱ ተነበበ፤ ግዝቱ ተነሳ። ኢያሱ ሐረር ነበር። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ።

ክሶቹን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍም ማንበብ ይቻላል፤ ጸሐፊው በኢያሱ መሻር የተጠቀሙት ሰው መሆናቸውን ሳንረሳ ማለት ነው። የሙስሊም ሴቶች አገባ ይላል። አግብቷል ይባላል፤ ነገር ግን የአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት እሌኒ የሐዲያው ገራድ ልጅ ነበረች፤ በዚያ ምክንያት ማንም ዘርዐ ያዕቆብን ሰለመ አላለውም። የዘር ሐረጉን እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስቆጠረ ይላል። የይፋት ወላስማዎችም እንዲሁ ያስቆጥሩ ነበር፤ ቤተ መንግሥቱ በበኩሉ እስከ ሰሎሞን ይቆጥር ነበር። ያኔ የገዢ ዘር ሁሉ ወደ አንድ ነቢይ መድረሱ አይቀርም። ሸሃዳና ጨረቃ ያለበት ባንዲራ ለቱርኩ ቆንስል ሰጠ ይላል። ይህን የምንሰማው ከከሳሾቹ ነው፤ ባንዲራውን እኛ አላየነውም። የሙስሊም እርድ በላ የሚለውን ክብደት የመርካቶ ሰው ለማስረዳት ብዙ አንደክምም፤ ዛሬም ሥጋ ቤቶቻችን ለየብቻ ናቸውና።

ፎቶውስ? በጥምጣም የተነሳው አለ፤ ተቀጣጥሏል የሚባልም አለ። የትኛውም ቢሆን የሚያሳየን ራሱ ላይ ያለውን ጨርቅ ነው። በሌላ በኩል በዚሁ በአዲስ አበባ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን ያሠራው ኢያሱ ነው፤ ለደብረ ሊባኖስ ገዳምም ርስት ሰጥቷል። መስጊድም አሠራ፣ ቤተ ክርስቲያንም አሠራ። ልቡ ውስጥ የነበረውን ጌታው ያውቃል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ኡሳማን በምን እንደገሰጹት የምናውቅ ሰዎች የሰው ልብ ቀደን እናያለን አንልም። እኛ የምናየው ሥራውን ነው። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበትን ቁራኛ ሊያስቀር ሞክሯል፤ ለከተማው ትሬንቡሌ የተባለውን ዘበኛ አቁሟል፤ ሶማሌውንና አፋሩን እንደ ተገዢ ብቻ ሳይሆን እንደ አማች ቀርቧል። ጉድለትም ነበረበት። ለወራት ከዋና ከተማው ይጠፋ ነበር፤ መንግሥቱን እንደ አደን ጉዞ ያየው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወዳጆቹ ይህን አይነግሩንም።

ወሬው ቤተ መንግሥት ውስጥ አልቀረም። ሽረቱ ሐረር ሲሰማ በከተማይቱ ሙስሊሞች፣ በተለይም ሶማሌዎች፣ ተገደሉ። እነርሱ ባንዲራ አልሰጡም፤ የዘር ሐረግ አላስቆጠሩም። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘምተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ፤ በሁለቱም ወገን ያለቀው ሰው ብዙ ነው። ኢያሱ አፋርና ትግራይ ሲንከራተት ቆይቶ በ1913 ተያዘ፤ ፍቼ ታሰረ፤ በ1924 አምልጦ እንደገና ተያዘ፤ ጋራ ሙለታ ላይ እንደታሰረ በኅዳር 1928፣ ጣሊያን እየገባ ሳለ፣ ሞተ።

አሟሟቱና መቃብሩ ደግሞ አዲስ ወሬ ወለዱ። ታንቆ ነው፣ ተመርዞ ነው፣ አልሞተም አፋር ገብቷል የሚሉ ትረካዎች ሁሉ በመርካቶ ይነገራሉ። የምኒልክን ሞት የደበቀ ቤተ መንግሥት በወሬ እንደተቀጣ፣ የኢያሱን ሞት በዝምታ ያለፈውም በተመሳሳይ ተቀጣ። እኛ ግን የሚያሳስበን ይህ አይደለም። የሚያሳስበን «ሰልሞ ነበር» የሚለውን የከሳሾቹን ቃል እንዳለ ተቀብለን ፎቶውን ግድግዳ ላይ መስቀላችን ነው። እነርሱ ለመሻር ያሉትን እኛ ለመኩራት እንለዋለን። «አልሰለመም፤ ስሙ ጠፋ» የሚሉትም ያው ናቸው፤ መስለም ስም ማጥፊያ ነው የሚለውን ሳያውቁት ይቀበላሉ። በ1909 አራዳ ላይ ማንም «ቢሰልምስ ምን ይሆናል?» ብሎ ሊጠይቅ አልቻለም፤ ክሱ የሠራውም ስለዚህ ነው።

ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ ቆየ። ጣሊያን ለራሱ ፖለቲካ ሲል ለሙስሊሙ መስጊድ ሲፈቅድ፣ የአንዋር መስጊድም በዚያ ዘመን ሲሠራ፣ ሌላ ጥርጣሬ ተጨመረብን። ከነፃነት በኋላም በመንግሥት አንደበት «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ስንባል ኖርን፤ ዒዶቻችንም የሕዝብ በዓል አልነበሩም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ግን በአዲስ አበባ ጎዳናዎች እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጣ። የመርካቶ ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረውት ነበሩ። «የኢትዮጵያ ሙስሊሞች» እንባል አሉ። በዚያ ሰልፍ የልጅ ኢያሱን ስም ማንሳት አላስፈለጋቸውም።