የባለ ባንኩ ፓካርድና የአጎቴ ልጅ ቪትዝ

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ደወለልኝ። «መኪናዬ ላስቲክ ላስቲክ ይሸታል፣ ቶሎ ድረስልኝ» አለኝ። ስደርስ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። አምፕ ካስገጠመ ገና አስር ቀኑ ነው። ከባትሪው ተነስቶ ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባው ወፍራም ቀይ ሽቦ፣ የሞተር ቤቱን ግድግዳ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ የብረቱ ጠርዝ በልቶት ልባሱ ቀልጦ አገኘነው። ባትሪው አጠገብ ፊዩዝ የለም። «አምፑ የራሱ ፊዩዝ አለው፣ አታስብ» ብሎት ነበር የገጠመለት ሰው። አምፑ ላይ ያለው ፊዩዝ የሚጠብቀው አምፑን ነው እኮ! ከባትሪው እስከ ኋላ ወንበር ያለውን አራት አምስት ሜትር ሽቦ ማን ይጠብቀው?

እንዲህ ያለ ነገር ባየሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝ የአንድ አሜሪካዊ ባለ ባንክ ፓካርድ ነው።

ዘመኑ እ.ኤ.አ 1930 ነው። አሜሪካ በኢኮኖሚ ውድቀት ውስጥ ናት። ፖል ጋልቪን የሚባል የቺካጎ ሰው ከወንድሙ ከጆሴፍ ጋር ትንሽ የሬድዮ ዕቃ ፋብሪካ አለው፤ ሥራው ግን እየሞተበት ነው። ታዲያ ሬድዮን መኪና ውስጥ ማስገባት አለብን ብሎ ተነሳ። ብድር ፈልጎ ባለ ባንኩን ለማሳመን በሰውየው ፓካርድ ላይ ሬድዮ አስገጠመለት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መኪናው ተቃጠለ ይባላል። ብድሩም በዚያው ቀረ።

ጋልቪን ግን ተስፋ አልቆረጠም። በራሱ ስቱድቤከር ላይ ሬድዮውን ገጥሞ ከቺካጎ እስከ አትላንቲክ ሲቲ ነዳ። እዚያ የሬድዮ አምራቾች ጉባኤ ነበር። እሱ የማሳያ ቦታ ስለሌለው መኪናውን ደጅ አቁሞ ድምጹን ለቀቀው። ትዕዛዝ ይዞ ተመለሰ። ለሬድዮው ያወጣለት ስም ሞቶሮላ ነው፤ አዎ፣ በኋላ ሁላችንም በስልክ ያወቅነው ሞቶሮላ። ዋጋው ከ110 እስከ 130 ዶላር ነበር፣ ርካሽ ፎርድ በ500 ዶላር አካባቢ በሚገዛበት ጊዜ!

ልብ በሉ፣ ያኔ ከውጭ ተገዝቶ የሚጨመረው ሬድዮው ራሱ ነው። ያኔም የነበረው ችግር ዛሬ የአጎቴ ልጅ አምፕ ካለበት ችግር ጋር አንድ ነው፦ የመኪና ባትሪ ቮልቴጅ ትንሽ መሆኑ።

የዚያ ዘመን ሬድዮ በመብራት አምፖል በሚመስሉ የብርጭቆ ቱቦዎች የሚሠራ ነው። ቱቦዎቹ ከመቶ ቮልት በላይ ይፈልጋሉ፤ የመኪናው ባትሪ ደግሞ 6 ቮልት ብቻ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ሌላ ተጨማሪ ባትሪ ከመኪናው ወለል ሥር ይቀበር ነበር። ሲያልቅ አውጥቶ መጣልና አዲስ መግዛት ነው። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ቫይብሬተር መጣ። ይህች ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ያለች ምላስ በሰከንድ ከመቶ ጊዜ በላይ እየተርገበገበች የባትሪውን ቀጥተኛ ኮረንት ትቆራርጠዋለች፤ የተቆራረጠው ኮረንት በትራንስፎርመር አልፎ ቮልቱ ከፍ ይላል። የድሮ መኪና ሬድዮ ሲከፈት የሚሰማው «ዝዝዝ» የሷ ድምጽ ነው።

በ1947 ቤል ላብስ ውስጥ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። በ1955 ክራይስለርና ፊልኮ ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራ የመኪና ሬድዮ በ150 ዶላር አቀረቡ። ትራንዚስተር መቶ ቮልት አይፈልግም፣ በባትሪው ቮልት ይረካል። ቫይብሬተርም ተረሳች። በዚሁ ጊዜ አካባቢ የአሜሪካ መኪኖች ከ6 ወደ 12 ቮልት ዞሩ። (የኛዋ ቮልስ ግን እስከ 1960ዎቹ ድረስ በ6 ቮልቷ ቆይታለች።)

ሁሉም «በቃ፣ ተገላገልን» ያለ ይመስለኛል። ግን አልተገላገሉም።

ምክንያቱም 12 ቮልት፣ ሞተሩ ሲነሳ 14 አካባቢ፣ ለባለ 4 ኦም ስፒከር ንጹህ ድምጽ ሊሰጥ የሚችለው ቢበዛ 20 ዋት አካባቢ ነው። ቴፑ ፊት ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ቢጻፍም አትመኑት፤ ያ ድምጹ ተሰባብሮ ለቅጽበት የሚወጣው ነው። ጆሯችን ደግሞ ጨካኝ ነው። ዋቱን እጥፍ ብታደርጉት «ትንሽ ጨመረ» ይላል። እጥፍ የጮኸ እንዲመስለው አስር እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ካሴት መጥቶ መኪና ውስጥ ሙዚቃ በጥራት መስማት ሲቻል ይህ ግድግዳ ይበልጥ ታየ።

በ1970ዎቹ አሪዞና ውስጥ ጂም ፎስጌት የመሳሰሉ ሰዎች ለብቻው የሚቀመጥ የመኪና አምፕ ይሠሩ ጀመር። የዛሬውን አምፕ ከፍታችሁ ብታዩት ከግማሽ የማያንሰው ክፍል ከድምጽ ጋር ግንኙነት የለውም። ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት በፍጥነት እየቆራረጠ፣ በትራንስፎርመር አሳልፎ ከፍ ማድረግ ነው። ቫይብሬተር በትራንዚስተር ተመልሳ መጣች ማለት ነው! በሰከንድ መቶ የነበረው ብቻ በአስር ሺዎች ሆነ።

ከዚያ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ነቁ። ቦዝ ከጀነራል ሞተርስ ጋር ሆኖ በ1983 ሞዴል ካዲላክ ሴቪል ላይ ከየስፒከሩ ጋር አምፕ አስገባ። ይህ ለገጣሚዎች አዲስ ራስ ምታት ነው። የፋብሪካ ቴፕ አብዛኛውን ጊዜ ለአምፕ የሚሆን መውጫ የለውም፤ ሲግናሉ ከስፒከር ሽቦው ተወስዶ በመቀነሻ በኩል ነው የሚገባው። አንዳንዱ አዲስ ቴፕ ደግሞ ድምጹ ሲጨመር ትንንሽ ስፒከሮቹን ለማዳን ቤዙን ራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። አምፑም የተቀነሰውን ነው የሚያጎላው። ከዚያ ሰውየው «አምፑ አይረባም» ይላል።

ወደ አጎቴ ልጅ ልመለስ። ሽቦውን ሙሉ በሙሉ ቀየርነው። ቀዳዳው ላይ ጎማ አደረግንበት። ፊዩዙን ከባትሪው ሁለት ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ አሰርነው። የማሳውንም ሽቦ ቀለም ከተቀባ ብረት ላይ ነቅለን፣ ቀለሙን ፍቀን መለስነው፤ ነዳጅ ሲረግጥ ይሰማ የነበረው ፉጨት በዚያው ጠፋ።

አሁን ባሱ ወንበር ያንቀጠቅጣል። «እስኪ ሸገርን ክፈተው» አልኩት። ቪትዟ የጃፓን ናት፤ የሷ ሬድዮ የሚጀምረው ከ76 ሆኖ 90 ላይ ያበቃል። 102.1 ድረስ የሚያደርሰውን ኮንቨርተር ሳይገዛ ነው ለካ ብሩን ሁሉ አምፕ ላይ የጨረሰው።