መዝገብ ያልገባ ሀብት

የማኅበራችንን ሒሳብ ስይዝ ሁሌም የምቆጥረው ገንዘብ ነው። የጋሪፉና ሕዝብ ታሪክ ግን ሌላም ሀብት እንዳለን አስታወሰኝ።

ጋሪፉናዎች በካሪቢያን ባሕር ላይ ባለችው ሴንት ቪንሰንት ደሴት ከባርነት ያመለጡ አፍሪካውያንና የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ተጋብተው የወለዷቸው ናቸው። መሪያቸው ጆሴፍ ቻቶየር እ.ኤ.አ. በ1795 እንግሊዞችን ሲዋጋ ወደቀ። በ1797 እንግሊዞች ከ2,000 በላይ የሚሆኑትን በመርከብ ጭነው፣ ዛሬ የሆንዱራስ በሆነችው ሮአታን ደሴት ጣሏቸው። መሬታቸው ቀረ፤ ዘፈናቸው ግን አብሯቸው ተሻገረ። ቋንቋው በአብዛኛው ከነባሮቹ፣ ከበሮው ከአፍሪካ የመጣ ነው። ፑንታ የሚሉት ጭፈራ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ይጨፈራል። ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን የሚያወጡት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ሞተ ልጅ፣ ስለ ማዕበል፣ ስለ ኑሮ። በ2001 ዩኔስኮ ቋንቋቸውን፣ ጭፈራቸውንና ሙዚቃቸውን አንድ ላይ በማይዳሰስ ቅርስነት እውቅና ሰጣቸው።

የእኛስ? ዓምና ያረፉት እናታችን ሙሾ አውራጅ ነበሩ። ያዋጡት መዋጮ በመዝገቤ አለ፤ ግጥማቸው ግን አብሯቸው ተቀበረ። ለሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ባዶ መዝገብ ይዤ እመጣለሁ፤ እናንተ ደግሞ ከየእናቶቻችሁ የሰማችሁትን ይዛችሁ ኑ።